የሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሒሳብ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እማማ፣

የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ሥራዬ እንግዶችን በጀልባ ወደ ጣና ገዳማት ይዞ መሄድ ነው፤ ነበር ብል ይቀላል። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ ክብራን ገብርኤልን፣ ናርጋ ሥላሴን ዐይኔን ጨፍኜ ልተርክልዎ እችላለሁ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ግን የውጭ እንግዳ እንደ ድሮው አይመጣም። በበዓል ሰሞን የአገር ውስጥ ጎብኚ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ጀልባዋ ለሳምንታት እንደታሰረች ትውላለች። ባለቤቴ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ቤቱን የያዘችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። ሁለት ልጆች አሉን።

ቀን ቀን ደኅና ነኝ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ብንን እላለሁ፤ ልቤ ይመታል። የቤት ኪራዩን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አዲስ አበባ እንሂድ ወይስ እንቆይ የሚለውን ሳሰላ ይነጋል። ስልኬን አንሥቼ ዜና ሳነብ ይብስብኛል። እናቴ «ጸልይ» ትለኛለች። ጓደኛዬ «ና እንቃም፣ ይለቅሃል» ይለኛል። ስልክ ላይ ያየሁት ቪዲዮ ደግሞ «ትንፋሽህን ቁጠር» ይላል። የቀረው ሰው ሁሉ «ያልፋል» ነው የሚለኝ። አንዳንድ ሌሊትማ «ምነው ባልነቃሁ» እላለሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ውስጡን እንዴት ያሳርፋል? ተስፋስ ከየት ይመጣል?

የጀልባ አስጎብኚ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤህን ከታች ወደ ላይ ነው ያነበብኩት። «ምነው ባልነቃሁ» ያልከውን በአንድ መስመር ብታልፈውም እኔ አላልፈውም። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የነርስነት ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት በአእምሮ ሕክምና ክፍል ስለሆነ ፊት ለፊት እጠይቅሃለሁ፦ ይህ እንቅልፍ ያጣ ሰው ምሬት ነው ወይስ መሞት ያምርሃል? «እንዲህ ብለሽ ከጠየቅሽው ታስታውሺዋለሽ» እያሉ የሚቆጡኝ ቤተሰቦች ነበሩ። መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አይተክልም። ብዙውን ጊዜ ሰውየው «እፎይ፣ የሚጠይቀኝ ተገኘ» ነው የሚለው።

ሐሳቡ ከሌሊት አልፎ በቀንም የሚመጣብህ ከሆነ፣ ወይም «እንዴት» የሚለው አብሮት ከመጣ፣ ይህን መጽሔት አስቀምጥና ለባለቤትህ ዛሬውኑ ንገራት። ከዚያ አብራችሁ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሂዱ። መሞት ባያምርህም እንኳ ሐዘንና የነገር ሁሉ መሰልቸት ሁለት ሳምንት ሙሉ ካልለቀቀህ እንዲሁ ሂድ። ወባ ሲይዝህ «ራሴን ችዬ ልወጣው» ብለህ አትተኛም፤ እዚህም ላይ ጀግንነት አይፈለግም።

ምሬት ብቻ ከሆነ ወደ ሌሊቱ እንምጣ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንቃት በራሱ በሽታ አይደለም። የሰው እንቅልፍ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በሚፈጅ ዙር ይሄዳል፤ ንጋቱ ሲቃረብ ደግሞ እየሳሳ ይመጣል። በዚያ ሰዓት ሁላችንም ብንን እንላለን። ሐሳብ የሌለበት ገልበጥ ብሎ ይተኛል፣ ሐሳብ ያለበት ይቀራል። ጥፋቱ የሚጀምረው ከነቃህ በኋላ ሒሳብ ስትከፍት ነው። አንተ የጣና ሰው ነህ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ እንግዳ ጭነህ ወደ ዳጋ አትነሣም። ጀልባዋ ስለተበላሸች አይደለም፣ ሰዓቱ ስላልሆነ ነው። የሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ጭንቅላትም እንደዚያው ለጉዞ አይሆንም። በዚያ ሰዓት የተሰላ ኪራይ ሁልጊዜ ከእውነተኛው ኪራይ ይበዛል።

ስለዚህ ሒሳቡን ወደ ቀን አምጣው። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ቶማስ ቦርኮቬች የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት ጭንቀታቸው የበዛባቸውን ሰዎች «አትጨነቁ» አላሏቸውም። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ ለግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ ተጨነቁ ነው ያሏቸው። በሌላ ጊዜ ጭንቀት ሲመጣ «ቀጠሮህ ነገ ነው» ብሎ መመለስ ነው። ሰዎቹም ከበፊቱ ያነሰ መጨነቅ ጀመሩ። በሽተኞቼን ይህን ሳዝዛቸው መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር፤ አንተም ሳቅ፣ ግን አድርገው።

ከልጆችህ አንድ ደብተር ውሰድ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ጀልባዋ የታሰረችበት ዳርቻ ሂድና ተቀመጥ፤ መኝታ ቤት ግን ፈጽሞ አይሁን። በሌሊት የሚቀሰቅሱህን አንድ በአንድ ጻፋቸው። በእያንዳንዳቸው ትይዩ ሊደረግ የሚችለውን ትንሹን እርምጃና ቀኑን ጻፍ። «ኪራይ» ካልክ «ማክሰኞ አከራዩን በሁለት ጊዜ እንድከፍል እጠይቃለሁ» በል። «የአገሩ ሁኔታ» ካልክ ትይዩው ባዶ ይሆናል፤ ባዶነቱን ዐይንህ ይየው። በአንተ እጅ ያልሆነውን በሌሊት ስታሰላ ማንም አልከፈለህም።

አዲስ አበባ የሚለው ለብቻው አንድ ገጽ ይገባዋል። መሄድህን አልደግፍም፣ አልቃወምምም፤ ቁጥሩን ሳታውቅ መወሰንህን ግን እቃወማለሁ። እዚያ አከራይ የስንት ወር ቅድሚያ ይጠይቃል? ማን ይቀበላችኋል? ልጆቹ በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ያገኛሉ? የባለቤትህ የእንጀራ ደንበኞች ያሉት ባሕር ዳር ነው፤ እነሱን ትታ ስትሄድ ቤቱን በምን ትይዘዋለች? በደብዳቤህ ውስጥ አንድም ቦታ «ባለቤቴ እንዲህ ትላለች» የሚል አላየሁም። እናትህ ተናግራለች፣ ጓደኛህ ተናግሯል፣ ቪዲዮው ሳይቀር ተናግሯል። ቤቱን የያዘችው እሷ ከሆነች ሒሳቡም ላይ ትቀመጥ። ልታስጨንቃት ያልፈለግክ ይመስልሃል፤ አጠገቧ ተኝተህ ስትገላበጥ ያላወቀች ይመስልሃል እንዴ?

አሁን ወደ መካሪዎችህ። ከእናትህና ከቪዲዮው መካከል ምረጥ ብትለኝ አልመርጥም፤ ሁለቱ ከምታስበው በላይ ይቀራረባሉ። ሰው ትንፋሹን ሲያስወጣ ልቡ ዝግ ይላል፤ ማስወጫው ከማስገቢያው ሲረዝም ሰውነት ከድንጋጤው ይመለሳል። በጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲ የተመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በታላቁ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ እንዳሳተሙት፣ የካቶሊክ የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደገም ትንፋሽን በደቂቃ ወደ ስድስት ያወርደዋል። የእኛን አልለኩም። ግን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን 41 ጊዜ በመቁጠሪያ የሚያደርሱ እናቶችን፣ ተስቢሕ ይዘው ዚክር የሚያደርጉ ጎረቤቶቼን ሳይ የሚያነክስ ትንፋሽ አላይባቸውም። ለእናትህ ጸሎት የትንፋሽ መድኃኒት ነው ብለህ እንዳትነግራት፤ ትቀየምሃለች፣ እውነቷንም ነው፤ ለእሷ ከዚያ በላይ ነው። አንተ ግን ሌሊት ስትነቃ አልጋህ ላይ ሆነህ በዝግታ አድርሰው፤ አንዱን «እግዚኦ» በአንድ ረጅም ትንፋሽ። ጸሎቱ አልመጣ ካለህ እስከ አራት እየቆጠርክ አስገባ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርክ አስወጣ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተህ እንቅልፍ እንቢ ካለ ተነሥና ሳሎን ተቀመጥ፤ አልጋው የጭንቀት ቦታ መሆኑን አይልመድ።

ስልኩ ከመኝታ ክፍሉ ውጭ ይደር። «ሰዓት የምቀሰቀሰው በእሱ ነው» እንዳትለኝ፤ የሚደውል የጠረጴዛ ሰዓት ግዛ። ዜና መስማት ያስፈልጋል፣ በተለይ እንዲህ ባለ ጊዜ መንገዱ ክፍት ነው ዝግ ነው ማለት ግድ ይላል። ለዚያ ግን ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ይበቃል። በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የምታነበው ዜና ላይ እስኪነጋ ምንም ልታደርግበት አትችልም።

ቡናንም ልንካ፤ የዘጌ ሰዎች ይቅርታ ያድርጉልኝ። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አቦልና ቶናውን ከጠጣህ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ግማሹ ገና በደምህ ውስጥ ነው። ቡናውን ከምሳ ጋር ጨርሰው፤ ማታ ቢቀርብም ለወጉ ተቀመጥ እንጂ ስኒውን አሳልፈው።

ጓደኛህን በተመለከተ ግን አጭር ነኝ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው፤ ሥራው ማንቃት ነው። እንቅልፍ ላጣ ሰው የሚያነቃ ነገር መስጠት ምን ይባላል? ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣውን ድብርትም ከእነዚያ ሌሊቶች ላይ አትደርበው። ጓደኛህን ግን አትራቀው፤ ብቸኝነት ከጫት አይሻልም። ከመቃሚያው ሰዓት ቀደም ብለህ ለእግር መንገድ ጥራው። በግንቦት 2016 የተመረቀው የዓባይ ድልድይ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው፤ ጠዋት ሁለቴ ሦስቴ ብትመላለሱበት ለእግርም ለወሬም ይበቃል።

«ያልፋል» የሚሉህ ሰዎች ክፉ አይደሉም፣ ግን ብዙዎቹ የሚሉት ወሬውን ለመዝጋት ነው። መቼ እንደሚያልፍ የሚያውቅ የለም፤ ኪራይ ደግሞ እስኪያልፍ አይጠብቅም። ስለ ተስፋ የጠየቅኸኝንም ከዚሁ ጋር ነው የማየው። ቻርልስ ስናይደር የተባሉት የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ሊቅ ተስፋን ሲያጠኑ «ደኅና ይሆናል» የሚል ስሜት አድርገው አልወሰዱትም። የሚሄዱበት ቦታ፣ ወደዚያ የሚያደርሱ ከአንድ በላይ መንገዶች እና «ልሂድ» የሚል አቅም፤ እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ ነው ተስፋ ያሉት። አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላ መንገድ ማየት የሚችል ሰው ባለ ተስፋ ነው።

አንተ ራስህ ያየኸውን ላስታውስህ። የእምቦጭ አረም ጣና ላይ መታየት ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። የፎገራና የደምቢያ ገበሬዎች ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉ ከርመዋል። በጥቅምት 2010 «ጣና ኬኛ» (ጣና የእኛ ነው) ብለው ከኦሮሚያ የመጡት ከ200 በላይ ወጣቶችም ከእነሱ ጋር ገብተው ነቅለዋል። ዘሩ በጭቃው ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ ተመልሶ እንደሚበቅል ሁሉም ያውቁ ነበር። ግን ነቀሉ። የተነቀለበት ዳርቻ ላይ በዚያ ሰሞን ታንኳ ገባ፣ መረብ ተጣለ። እኔ እንዲህ ያለውን ነው ተስፋ የምለው፤ ሐይቁ ይድናል የሚል ዋስትና በእጃቸው አልነበረም።

ያንተስ መንገዶች? የውጭ እንግዳ አንዱ መንገድ ብቻ ነው። ናርጋ ሥላሴን እቴጌ ምንትዋብ እንዳሠሩት ለፈረንጅ ስትተርክ የኖርክ ሰው ነህ፤ ከከተማው ተማሪዎች ግን ይህን የማያውቁ አይጠፉም። በቅናሽ ዋጋ የትምህርት ቤት ጉዞ ብታዘጋጅ የሚሰማህ ርእሰ መምህር አይጠፋም፤ ሁለት ትምህርት ቤቶችን ጠይቅና መልሱን በደብተሩ ላይ ጻፍ። እንግሊዝኛህም እንዳይዝግ ለሰፈር ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በክፍያ አስተምር። ጀልባዋን ለሽያጭ አታውጣ፤ ቢያንስ ከባለቤትህ ጋር ያን ገጽ ሳትጨርሱ አታውጣ።

አጭር ጥያቄ

እማማ፣ የምኖረው ዘጌ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ። ትምህርት ሲከፈት ሲዘጋ እዚህ ደረስን። መጽሐፍ በገለጥኩ ቁጥር «ፈተናው ባይሰጥስ? ብወድቅስ?» የሚለው ብቻ ነው የሚሰማኝ። ምን ላድርግ?

መልስ

ልጄ፣ ሁለቱን ፍርሃቶች ለያዪአቸው። ፈተናው መቼ እንደሚሰጥ የሚወስኑት ሌሎች ናቸው፤ ስለ እሱ የሰማሽውን ሁሉ ለመምህርሽ ብቻ አቅርቢ፣ በየቀኑ ወሬ አታሳድጂ። ሁለተኛው ያንቺ ነው። በ2016 ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምተሽ ይሆናል። ቁጥሩ የአገሩን ትምህርት ሁኔታ ይናገራል እንጂ ያንቺን ዕድል አልለካም። ግማሽ ባይመጣ የረሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራም እንዳለ ደግሞ አትርሺ፤ እሱም መንገድ ነው።

ዛሬ ከሰዓት በጣም የምትፈሪውን ሳይሆን የምትወጂውን ትምህርት ክፈቺና ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ አንብቢ። ስልክሽን ለእናትሽ ስጪያት። ሃያ አምስቱ ሲያልቅ ተነሥተሽ ውኃ ቅጂ ወይም ግቢው ውስጥ ዙሪ፣ ከዚያ አንዴ ድገሚ። ከአንድ ሳምንት በኋላ የምትፈሪውን ትምህርት በጠዋት አስገቢው። የክፍል ጓደኛ ካለችሽ የቆዩ የፈተና ጥያቄዎችን እየተጠያየቃችሁ ሥሩ፤ ጮክ ብሎ ማስረዳት ያልገባሽን ቦታ ቶሎ ያሳይሻል። ያቃታችሁን ጥያቄ ቁጥሩን እየጻፋችሁ አጠራቅሙና ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ቀን ለመምህራችሁ ይዛችሁ ሂዱ።