«ከገባህ አትውጣ» ላሉህ አጎትህ

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ እንደ ሙያ አማካሪ፣ አንዴ ደግሞ ኪቦርድ ተሸክሞ ዓመታት እንደዞረ ሰው። ለሌሎቹ አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ጸሐፊው የ23 ዓመት ወጣት ነው፤ ቀን አካውንቲንግ ይማራል፣ ማታ ቦሌ አካባቢ አንድ ክለብ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ስሙ የታወቀ ድምፃዊ ለአሥር ሳምንት የአሜሪካ ቱር መርጦታል፤ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን መግቢያ፣ በአንድ ሾው 300 ዶላር። እናቱ «ልጄ ይጠጣል፣ ይበላሽብኛል» እያሉ ሲያለቅሱ ሰነበቱ። ከዚያ ሜሪላንድ ያሉት አጎት ደወሉ። «ይምጣ፤ ከገባ በኋላ ግን አይውጣ፤ ኬዝ እንሠራለታለን» አሉ፤ የጥገኝነት ማመልከቻ ማለታቸው ነው። ለቅሶው በዚያው ቀን ቆመ። ልጁ የሚጠይቀኝ አራት ነገር ነው፦ የመንገድ ኑሮ ምን ይመስላል፣ ክፍያው ያዋጣል ወይ፣ የቀረኝን ሴሚስተር ምን ላድርገው፣ ልቅር ወይስ ልመለስ?

ከሁሉም ያንገበገበኝ የእናትህ ለቅሶ የቆመበት ምክንያት ነው። ሦስት ዓመት ጊታርህን ከአልጋ ሥር ስትደብቅ ኖረሃል። «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ተብለህ ከእራት ተነስተህ ታውቃለህ፤ ራስህ ነህ የጻፍከው። ያ ቤት ቪዛ ሲሸተው በአንድ ስልክ ተገለበጠ። ይቅርታ አድርግልኝና፣ ሙዚቃህን ማንም አልፈቀደልህም። የፈቀዱልህ አሜሪካን ነው፤ ጊታሩ የመሳፈሪያ ቲኬት ሆኖ ታያቸው። ይህን ሳታውቅ ከተሳፈርክ ክረምቱን ሙሉ የማን ሕልም ውስጥ እንዳለህ ይጠፋብሃል።

ወደዚህ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስለ መንገዱ።

የፈረንጅ ፌስቲቫል ቱርና የሐበሻ ቱር ለየቅል ናቸው። ሙላቱ አስታጥቄን የመሰሉ ሙዚቀኞች አውሮፓ ሲዞሩ ዛሬ አንድ ከተማ፣ ነገ ሌላ ከተማ ነው፤ የሚያደክመው ሩጫው ነው። የአንተ የሐበሻው ነው፤ የሐበሻ ሾው ደግሞ የቅዳሜ ሌሊት ነው። ሰዉ ሳምንቱን ሁለት ሥራ ሲሠራ ይከርምና ቅዳሜ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ አዳራሹን ይሞላዋል። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ሳምንት ብቻ በየማታው ሥራ አለ። ያ በሰኔ መጨረሻ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ከእሑድ እስከ ዓርብ ትጠብቃለህ። እኔ ከዚያ አገር መድረክ ይልቅ ትዝ የሚለኝ የአንድ ደግ ሰው ቤት ቤዝመንት ነው። አምስት ሆነን ምንጣፍ ላይ ተኝተን ጣሪያው ሥር የሚያልፈውን ቧንቧ ስናይ እንውላለን። ከላይ ልጆች ይሮጣሉ። የቤቱ እመቤት ከሥራ ስትገባ ሽሮ ታወርድልናለች፣ እኛም እያፈርን እንበላለን። መኪና የለህም፣ ሰፈሩ በእግር አያስኬድም፣ ልምምድ እንዳታደርግ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። የባንድ ጸብ የሚወለደው እንዲህ ባለው ማክሰኞ ላይ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንምታው፤ አካውንታንት አይደለህ? አሥር ሳምንት አሥር ቅዳሜ ነው። የውድድሩን ሳምንትና አንዳንድ ዓርብ ጨምረን 13 ሾው እንበል። 13 በ300 ሲባዛ 3,900 ዶላር። ነዋሪ ያልሆነ የውጭ አርቲስት ከሚከፈለው ላይ በአሜሪካ ሕግ በመደበኛው 30 በመቶ ግብር ይያዝበታል፤ 1,170 ሄደ። የቀረው 2,730። የቀን አበል ካልተጻፈልህ ደግሞ 70 ቀን በቀን 15 ዶላር ብቻ እየበላህ 1,050 ይወጣል። እጅህ ላይ የሚቀረው 1,680 ዶላር ነው። ዶላሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 300 ሲባል ወደ ብር እየመታህ እንደምትደነግጥ አውቃለሁ። ወደ ብር የምትመታው ቦሌ ስትወርድ ብቻ ነው፤ እዚያ እያለህ የምትበላው በዶላር ነው። ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት የቀን አበሉ፣ ማደሪያው፣ የጤና ኢንሹራንሱና ግብሩን ማን እንደሚሸፍን፣ ሾው ሲሰረዝ ምን ያህል እንደምታገኝ በጽሑፍ ይግባልህ። «እንደ ወንድማማች እንተሳሰባለን» የሚል ፕሮሞተር ካጋጠመህ፣ ወንድሞች ይፈራረማሉ በለው።

ይህ ሁሉ ተደምሮም ሂድ ነው የምልህ። በ23 ዓመትህ አሥር ሳምንት ከጎበዝ ባንድ ጋር አንድ ዓይነት ዘፈን በየሳምንቱ በተለየ አዳራሽ፣ በተለየ ሳውንድ ሲስተም መጫወት ክለብ ውስጥ በሦስት ዓመት የማታገኘው ትምህርት ነው። እዚህም ቢሆን ዐቢይ ጾም ገብቶ 55 ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደምትኖር ታውቀዋለህ።

አሁን አጎትህ።

በ1997 ክረምት እኔም እንዳንተ ሄድኩ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሳውንድ ቼክ ሊጀመር ሲል፣ ድራመራችን «የስልክ ካርድ ልግዛ» ብሎ ወጣ። አልተመለሰም። መጀመሪያ ጠፍቶ ነው ብለን ፈለግነው። ከዚያ አንዳችን ሻንጣውን ከፈተ፤ ባዶ ነበር፣ ልብሱን ቀደም ብሎ ቀስ በቀስ አውጥቶት ኖሯል። ዱላዎቹን ግን ትቶልን ሄደ። ያን ማታ በኪቦርዴ ውስጥ ባለው ሪትም ተጫወትን፤ ሕዝቡ ሁለት ዘፈን ታግሦ ማጉረምረም ጀመረ። ፕሮሞተሩ በማግስቱ የሁላችንንም ፓስፖርት ሰበሰበ፤ ያ ራሱ ወንጀል መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያው ባንድ ሲያመለክት አንድም ሰው ቪዛ አላገኘም። ድምፃዊው ሌላ ባንድ ሰበሰበ፤ እኛ ተበተንን።

ድራመሩ ምን ሆነ? እዚህ ላይ ታማኝ መሆን አለብኝ፤ አልከሰረም። ቨርጂንያ ቤት አለው፣ ልጆቹን ኮሌጅ አስገብቷል፣ እናቴ የታመመች ጊዜ ሳልጠይቀው ገንዘብ ልኮልኛል። አጎትህ የሚያሰሉት ስሌት ውሸት አይደለም። ግን ድራም አይመታም። አንድ ቀን በስልክ ጠይቄው «እሱን ተወው» ብሎ ስለ መኪና ኢንሹራንስ ማውራት ጀመረ።

አንተ የጠየቅከኝ ደግሞ ስለ ሙዚቀኛነት ነው። የምትገባበት ቪዛ፣ ብዙውን ጊዜ ፒ ሦስት የሚባለው፣ ከአመልካቹ ድርጅትና ከተዘረዘሩት ሾዎች ጋር የታሰረ ነው። ባንዱን ጥለህ በወጣህ ማግስት ቤዝ ተጫውተህ አንድ ዶላር ብትቀበል ሕገ ወጥ ሠራተኛ ነህ። ኬዝ ገባ እንበል፤ ጉዳዩ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ በዚያ መካከል ያለ ፈቃድ ከአገሩ ከወጣህ ማመልከቻህን እንደተውክ ይቆጠራል። መንገድ ላይ ለመኖር የጓጓ ሰው አንድ አገር ውስጥ ይቆለፋል። እናትህ ቢታመሙ በቪዲዮ ነው የምታያቸው። በእውነት የሚያሳድደው ያለ ሰው ጥገኝነት ይጠይቅ፣ መብቱ ነው፤ ያ የአንተ ሁኔታ ከሆነ ይህን ደብዳቤ ዘግተህ ጠበቃ ፈልግ። አንተ የጻፍክልኝ ግን «ኬዝ እንሠራለታለን» የሚለውን ነው። የሚሠራ ኬዝ የአጎትህ ሳይሆን የአንተ መሐላ ያለበት ወረቀት ነው።

የዋልያስ ባንድን ታሪክ ይጠቅሱልህ ይሆናል። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሲዞሩ ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። ዋሽንግተን ታክሲ ነዱ፤ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናቸው አውጥተው ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት አልበም በ2013 እንደገና ታተመ፤ ዓለም እንደ አዲስ አወቃቸው፣ ወደ መድረክም ተመለሱ። ሰው ይህን ሲያወራ መጨረሻውን ያወራል፤ እኔ መሐሉ ላይ ያለው ታክሲ ነው የሚታየኝ። እሳቸው ትተውት የሄዱት ከተማ ደግሞ ሰዓት እላፊ የነበረበት የደርግ አዲስ አበባ ነበር፤ ሙዚቀኛውም ታዳሚውም አንድ ላይ ተዘግቶባቸው የሚያነጉበት። የአንተ ምርጫና የእሳቸው ምርጫ አንድ አይደለም።

«እዚያም እጫወታለሁ» ብለሃል። ዲሲ አካባቢ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ቅዳሜና እሑድ ሙዚቃ አላቸው፤ ግን ካንተ በፊት የቀሩት ወረፋውን ይዘውታል። ቤዝ ደግሞ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነስ መሣሪያ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹ በግራ እጁ ይጫወተዋል። እኔ ራሴ በዚህ ግራ እጄ ስንቱን ቤዝ ተጫዋች ከሥራ እንዳስወጣሁ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የሚመለስ ሰው ግን ይጠራል። የፈንድቃውን መላኩ በላይን ተመልከት፤ እሱ እስክስታውን ይዞ ስንት አገር ዞሮ ስንት ጊዜ ካዛንቺስ ተመለሰ። ጊዜው ደግሞ እየጠበበ ነው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን አብዛኛውን ጊዜያዊ ቪዛ ወደ አንድ ጊዜ መግቢያና ሦስት ወር ዝቅ አድርጋዋለች። ሄዶ በጊዜው የተመለሰ ማኅተም ያለበት ፓስፖርት ለአንድ ባንድ መሪ ከጎበዝ ጣት አያንስም። እኔ ተመልሼ ያቋረጥኩትን ትምህርት ጨረስኩ፣ ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተማርኩ፣ ከዚያ ይህን የምክር ሥራ ያዝኩ። በበዓል ዋዜማ ዛሬም እጫወታለሁ፤ ባለቤቴ ኪቦርዱን ሽጠው ካለችኝ አሥር ዓመት አልፏል።

የቀረህን ሴሚስተር ጨርሰው። ፈተናው ከበረራህ ጋር ከተጋጨ ዛሬውኑ ሬጅስትራር ሄደህ ቀድመህ የምትፈተንበትን መንገድ ጠይቅ፤ ዝም ብለህ እንዳትጠፋ። ድሮ ብዙ ባንድ የፈረሰው በሒሳብ ነው፤ የሾው ደረሰኝ አንብቦ «ይህ ቁጥር አይመጣም» የሚል ቤዝ ተጫዋች ብርቅ ነው፣ ነገ የቱር አስተዳዳሪ ቢያደርጉህ አይገርመኝም።

ስለ መጠጡ እናትህ ትክክል ናቸው፤ መድረክ ላይ የሚላክ መጠጥ ነጻ ነው፣ ሳምንቱም ባዶ ነው። በመሐል ስላነሳሃት ፍቅረኛህ ምክር የለኝም። የጆሮ መከላከያ ግዛ፤ 100 ዴሲቤል የሚጮህ መድረክ ላይ ለጆሮ ደህና የሚባለው 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፣ አንተ ደግሞ ከድራም ጎን አራት ሰዓት ትቆማለህ። እኔ በግራ ጆሮዬ ስልክ አላናግርም። ጊታርህን ስትወጣ ጉምሩክ አስመዝግበው፤ ስትመለስ አዲስ ገዝተህ የመጣህ እንዳይመስላቸው።

አንድ ነገር ቀረ። በደብዳቤህ መሐል፣ ሌላ ነገር ስታወራ፣ «ዋስ የሚሆነኝ የእህቴ ባል ነው» ብለህ አለፍክ። ፕሮሞተሩ ዋስ የጠራው ትጠፋለህ ብሎ ስለሚፈራ ነው። የእኛ ድራመር ዋስ አማቹ ነበር፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የሚሠራ፣ የአራት ልጆች አባት። ከደመወዙ እየተቆረጠ ሦስት ዓመት ከፈለ። ድራመሩ በኋላ ገንዘቡን ልኮለታል። ያኔ ግን እህትየው ወንድሟን አታነሳም ነበር።

የእህትህ ባል አጎትህ በስልክ ያሉትን ያውቃል? የማያውቅ ከሆነ፣ ከመፈረሙ በፊት ቡና ጋብዘውና ሁሉንም ንገረው።