የጨዋታ ሣጥን መሥራት ለሥራ ማስረጃ ይሆናልን?

ውድ ጠያቂያችን፤ የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምሕንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆኑ፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር ባወጡት ሚኒ አይቲኤክስ በተባለ አነስተኛ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) የአርኬድ ጨዋታ ሣጥን (በጨዋታ ቤቶች እንዳለው ጆይስቲክና ቁልፎች ያሉት ማሽን) እየሠሩ እንደሚገኙና አባትዎ «ይህን አይቶ ማን ይቀጥርሃል?» እንዳሉዎት ጽፈውልናል። ሥራውን በሲቪዎ ላይ ማስፈር ይገባ እንደሆነም ጠይቀዋል።

ይገባል። ሆኖም «የጨዋታ ሣጥን ሠርቻለሁ» የሚል አንድ መስመር ለቀጣሪ የሚነግረው ነገር የለም። ቀጣሪው ማወቅ የሚፈልገው ሰሌዳውን በምን ምክንያት እንደመረጡና ችግር ሲያጋጥምዎ እንዴት እንደፈቱት ነው። ቪያ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ያስተዋወቀው ይህ 17 በ17 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ በሱቅ የሽያጭ ማሽኖች፣ በማስታወቂያ ስክሪኖችና በፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች ውስጥ ሲያገለግል የኖረ ነው። ስለዚህ እርስዎ በእንጨት ሣጥን ውስጥ የሚለማመዱት፣ ሌሎች ደመወዝ የሚከፈላቸውን ሥራ ነው።

ጓደኞችዎ ራስበሪ ፓይ የተባለውን ባለ አንድ ሰሌዳ ትንሽ ኮምፒውተር እንዲገዙ መክረዋል። እሱም ጥሩ ነው፤ አነስተኛ ኃይል ይበቃዋል፣ ቁልፎቹንም በቀጥታ በፒኖቹ (ሽቦ በሚሰካባቸው የብረት እግሮቹ) ላይ ማሰር ይቻላል፤ ፒኖቹ ግን ከ3.3 ቮልት በላይ ስለማይችሉ 5 ቮልት ከነካቸው ሰሌዳው ሊቃጠል ይችላል። እኔ ግን በእጅዎ ያለውን ይዘው እንዲቀጥሉ እመክራለሁ። ማዘርቦርድዎ እንደዚያ ያሉ ፒኖች ስለሌሉት የጆይስቲኩንና የቁልፎቹን ምልክት በዩኤስቢ የሚያስገባ መሸጋገሪያ ያስፈልግዎታል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ፤ ነገር ግን አርዱዊኖ ሊዮናርዶ የተባለው ፕሮግራም የሚጻፍለት አነስተኛ ሰሌዳ ለኮምፒውተሩ ኪቦርድ መስሎ መቅረብ ስለሚችል፣ ፕሮግራሙን ራስዎ ቢጽፉለት ይሻላል። ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲጫን ብረቶቹ ለጥቂት ሚሊሰከንድ እየተንቀጠቀጡ ብዙ ጊዜ የተጫነ ያስመስላሉ፤ ይህን በፕሮግራም ማጥራት ትንሽ ቢመስልም፣ በቃለ መጠይቅ ላይ በደንብ ሲያስረዱት ግን ከብዙ ሰርተፊኬት ይልቅ ይናገርልዎታል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ እንዲሰጡት የምፈልገው ለመብራት መቋረጥ ነው። በሣጥኑ የሚጫወት ሰው እንደ ቢሮ ኮምፒውተር በሥርዓት አያጠፋውም፤ ሶኬቱን ይነቅላል፣ ወይም መብራት በድንገት ይሄዳል። በዚያች ቅጽበት ሥርዓተ ክወናው (ሊኑክስ) ፋይል እየጻፈ ከነበረ፣ ፋይሉ ተበላሽቶ በሚቀጥለው ጊዜ አልነሣም ሊል ይችላል። መፍትሔው ሥርዓተ ክወናው ያለበት የዲስክ ክፍል ለንባብ ብቻ እንዲከፈት ማድረግና ጊዜያዊው ጽሑፍ ሁሉ በራም (በጊዜያዊው ማስታወሻ) ላይ እንዲቀር ማድረግ ነው፤ የተጫዋቾቹን ነጥብ ማስቀመጥ ካስፈለገ ለእሱ ብቻ አነስ ያለ ክፍል ይለዩለታል። በየሱቁና በየጣቢያው ጠባቂ ሳይኖረው የሚሠራ ማሽን ሁሉ ይኸው ችግር ስላለበት፣ ይህን የፈታ ተማሪ ጥገና ለሚሠራ ድርጅት ጠቃሚ ነው።

ሽቦዎቹንም በማገናኛ ይሰኩ እንጂ በቀጥታ አይበይዱ። የጃፓን የአርኬድ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1985 ጃማ የተባለውን ባለ 56 መስመር ማገናኛ ደረጃ ያወጡት፣ ሣጥኑ ሳይፈርስ ሰሌዳው ብቻ እንዲቀየር ነበር። የ220 ቮልቱን ክፍል ደግሞ ፊውዝ አስገብተው፣ እጅ በማይደርስበት ይዝጉት።

የባለቤትነት መብት ያለባቸውን ጨዋታዎች ቀድተው ለቀጣሪ አያሳዩ፤ ቀላልም ቢሆን ራስዎ የጻፉትን አንድ ጨዋታ ያስገቡ።

በሲቪው ላይ ሦስት መስመር ይበቃል፤ ከሱ ጋር የሽቦውን ሥዕል፣ የወጪውን ዝርዝርና የሙከራውን ውጤት የያዘ ሁለት ገጽ ያዘጋጁ። ለሙከራውም ጨዋታው እየሄደ ሳለ ሶኬቱን 20 ጊዜ ነቅለው፣ ስንት ጊዜ በሰላም እንደተነሣ ይመዝግቡ። ሶኬቱን የሚነቅሉት አባትዎ ቢሆኑ ደስ ይለኛል።