ቪውፖርቱ እንቢ ላላት እህት

"ሌይአውት ላይ ትልቅ የሳይት ፕላን ቪውፖርት አለኝ፣ ውስጡ ትንሽ የዲቴል ቪውፖርት አስቀምጫለሁ። ትንሹን ስጫን ትልቁ ውስጥ ይገባብኛል፣ ጠርዙም አይመረጥም" ያልሽው እህቴ፣ ኦቶካዱን (የስዕል ፕሮግራሙን) አጥፍተሽ እንደገና ጫኚ ያሉሽን ተያቸው። ፕሮግራሙ ምንም አልሆነም። (ለጀማሪ፦ ሌይአውት ለህትመት የሚዘጋጀው ወረቀት ነው፣ ቪውፖርት ደግሞ ስዕሉ በዚያ ወረቀት ላይ የሚታይበት መስኮት።)

1. መጀመሪያ የት እንዳለሽ እዪ። የቪውፖርቱ ጠርዝ ወፍሮ ክሮስሄሩ (የማውዙ መስቀል) እዚያ ውስጥ ብቻ የሚታይ ከሆነ ሞዴል ስፔስ (ስዕሉ ራሱ የሚሠራበት) ውስጥ ነሽ፤ እዚያ ሆነሽ ሲመሽ ድረስ ብትጫኚ ግድግዳና በር እንጂ ቪውፖርት አይመረጥልሽም። "ፒኤስ" (PS) ጽፈሽ ኢንተር በዪ፣ ከዚያ መሀሉን ሳይሆን ጠርዙን ተጫኚ። ትልቁ ወረቀቱን በሙሉ ሸፍኖት ውጪ ደብል ክሊክ የሚደረግበት ቦታ ከጠፋም መውጫው ይኸው ነው።

2. ትንሹ ውስጥ ለመግባት አንዱ ውስጥ ግቢና ኮንትሮል ይዘሽ አር ተጫኚ፤ በየተራ ያዞርሻል። ይቺን የማያውቁ ስንት ሲኒየሮች አሉ መሰለሽ! ትንሹን ወደ ውጪ ጎትተው፣ ሠርተው፣ መልሰው የሚያስገቡ። እኔ ካሳየኋቸው በኋላ ነው የተገላገሉት።

3. ጠርዙ ጭራሽ ካልታየ ሌየሩን (ጠርዙ ያለበትን የስዕል ንብርብር) አንድ ሰው አጥፍቶታል ወይ ፍሪዝ አድርጎታል፣ ህትመት ላይ እንዳይወጣ ብሎ። መልሰሽ አብሪው፤ እንዳይታተም ከሆነ የሌየሩን የፕሪንተር ምልክት ማጥፋት ይበቃል። በፖሊላይን (በተያያዘ መስመር) የተቆረጠ ቪውፖርት ላይ ደግሞ ፍሪዝ ማድረግ ቁርጡን ራሱን ያጠፋዋል።

4. መርጠሽ ካስተካከልሽ በኋላ ስኬሉን ልክ አድርገሽ ቆልፊው። በሜትር ስለሽ ወረቀትሽ በሚሊሜትር ከሆነ (እዚህ ሐዋሳ ሁላችንም እንደዚያው ነን) 1:100 ማለት ዙም 10ኤክስፒ (10XP፣ 1 ሜትር ወረቀቱ ላይ 10 ሚሊሜትር) ነው፤ ከዝርዝሩ 1:100 ብትመርጪ ፕላንሽ ነጥብ ያክላል። ከዚያ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲስፕሌይ ሎክድ የሚለውን የስ አድርጊ። የተቆረጠውን ስትመርጪ ከላይ "ኦል 2" ይልሻል፣ ፖሊላይኑም አብሮ ስለሚመረጥ። ቪውፖርት የሚለውን ካልለየሽ የመቆለፊያው መስመር አይመጣልሽም።

መቆለፉ ብቻ ግን አላዳነኝም። እዚሁ ሐዋሳ አንድ ህትመት ቤት (ስሙን አልጠራም) ዲደብሊውጂውን (የኦቶካዱን ፋይል) በፍላሽ ወሰድኩላቸው፣ ሁሉም ተቆልፎ። ልጁ ቪውፖርቱ ውስጥ ገብቶ ማውዙን ሲያሽከረክር ወረቀቱ አብሮ ተንቀሳቀሰበት፤ የተቆለፈ ቪውፖርት ጠባዩ ነው። እሱ ግን "ፋይሉ ችግር አለበት" ብሎ መቆለፊያውን ከፈተው፣ ትንሽ አሳነሰው፣ ኤዋን (A1) ወረቀት ላይ ሙሉ ሴቱን አተመው። እኔ ውጪ ስልክ ላይ ነበርኩ። ተመልሼ ስኬል ማስመሪያዬን ሳሳርፍ 4 ሜትር የጻፍኩት ክፍል 3.70 እንኳን አይሞላም። የቁጥሩ ጽሑፍ ትክክል፣ ስዕሉ ውሸት! ባለቤቱን ብጠራው "ፋይሉ ያንተ፣ ወረቀቱ የኛ፤ ድጋሚ ከሆነ ድጋሚ ይከፈላል" አለኝና ወደ ስልኩ ዞረ። ይቅርታ እንኳን የለም። ደንበኛዬ ለግንባታ ፈቃድ ሊያስገባው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ምን ላድርግ፣ ከፈልኩ። ማስመሪያው ባይኖር ግን ያ ወረቀት ማህተም ሊያርፍበት ነበር፤ የሚያሳየኝ ሰው ሳይኖር በዓይኔ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ አንቺ ዲደብሊውጂ እንዳትሰጪ። ፒዲኤፍ ራስሽ አውጪ፣ የወረቀቱን መጠን ልክ አድርገሽ፣ ፕሎት ስኬሉን 1 ለ 1፤ "ፊት ቱ ፔፐር" የሚለው ላይ ምልክት እንዳይኖር። ለሚያትመውም "በልኩ፣ ሳታሳንስ" በዪው፣ ፒዲኤፍንም የሚያሳንሱ አሉ። ማስመሪያሽን ቦርሳሽ ውስጥ ያዢና የመጀመሪያው ወረቀት እንደወጣ፣ ቀሪው ሳይታተም፣ ባንኮኒው ላይ ዘርግተሽ አንድ ክፍል ለኪ። ቢያጉረመርሙም ለኪ።