የቀበሌ ቤት፣ ኮንዶሚኒየምና ጉቦ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

በአዲስ አበባ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎችን ማመልከቻ ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል። ሰፈር በፈረሰ ቁጥር ጥያቄው ይበዛል። የምችለውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ዕድሜዋን የኖረችው በቀበሌ ቤት ነው። አሁን «የመንግሥት ቤት ነው፣ መብት የላችሁም» ተባልን። እውነት ነው?

ባለቤት አይደላችሁም፤ ሕጋዊ ተከራይ ግን ናችሁ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ ተሰጠ። ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች፣ ማለትም የመንግሥት ቤቶችን ወደሚያከራየው መሥሪያ ቤት ሄደ። ድሃው የቀበሌ ተከራይ ሆኖ የቀረው እንዲህ ነው። ለመሆኑ ውሉ በማን ስም ነው? በሟች አባትህ ስም ከሆነ ዛሬውኑ በእናትህ ስም እንዲዛወር አመልክቱ። በሟች ስም የቆመ ፋይል ለወረዳ ሌባ የተከፈተ በር ነው።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ አይተነው የማናውቀው ሰው «ነዋሪ» ተብሎ ለምትክ ቤት ተመዝግቧል። ምን እናድርግ?

ይህን ረዘም አድርጌ ልመልስ፤ ብዙ ሰው የተበላው በዚህ ነው። ሰፈሩ እንደሚነሳ ቀድሞ የሚሰማው የወረዳው ሰው ነው። ነዋሪው ሳያውቅ ለአንዲት ኩሽና የቤት ቁጥር ይወጣላታል። ውል ይጻፋል፤ ቀኑ ወደ ኋላ ይደረጋል። ነዋሪ የሚቆጥሩ ሠራተኞች ሲመጡ የዚያ ሰው ወረቀት ሙሉ ነው። እዚያው ተወልዶ ያረጀው ሰው ወረቀት ግን ይጎድላል።

ሌባው በቀላሉ የማይፈጥረው የዓመታት የኪራይ ደረሰኝን ነው። ስለዚህ ማመልከቻችሁ ላይ «የኪራይ ክፍያ መዝገቡ ይታይልን» ብላችሁ ጻፉ። ጎረቤት ሁሉ ይፈርም፤ ብቻውን የሄደ ሰው «ነገ ና» ይባላል። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገቢ ይሁን፣ ቀንና ቁጥር ይኑረው፣ የእናንተም ቅጂ ላይ ማኅተም ይረፍበት። መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። በአፍ በተነገረ መልስ ላይ ይግባኝ ማለት ከባድ ነው። ወረዳው ዝም ካለ ያንኑ ቅጂ ይዛችሁ ክፍለ ከተማ ግቡ።

ጥያቄ፦ ደባል ነኝ፤ በሌላ ሰው ውል ሥር ተጠግቼ እኖራለሁ። ምትክ አገኛለሁ?

እህቴ፣ አቋምሽ ደካማ ነው፤ ልዋሽሽ አልፈልግም። ቅድሚያ የሚያገኘው ውል የያዘው ነው። ቢሆንም ቆጠራ ሲካሄድ ከቤት አትጥፊ፤ ስምሽና የልጆችሽ ስም መጻፉን ራስሽ እይ።

ጥያቄ፦ ከ2005 ጀምሮ ለኮንዶሚኒየም እቆጥባለሁ። ዕጣው ይታመናል?

ሐምሌ 2014 የ25,491 ቤቶች ዕጣ ወጥቶ ተሰረዘ። በቂ ያልቆጠቡ ሰዎች ዝርዝሩ ውስጥ ተካተው ተገኙ፤ ኃላፊዎችና የሲስተም ባለሙያዎች ታሰሩ። ዕጣው ኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። መታሰራቸው ተገቢ ነው። ግን ከልጆቿ ጉሮሮ ነጥቃ ለቆጠበች እናት ይህ አይበቃትም። ዝርዝሩ ከዕጣው በፊት ለሕዝብ ይውጣ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ጉቦ ተጠየቅሁ። ሰጥቼ ብገላገልስ?

ጭንቀትህ ይገባኛል። ግን ሰጪውም በሕግ ይጠየቃል። ደግሞም ዛሬ የሰጠኸውን ነገ ሌላው ጨምሮ ይሰጥና ቤቱን ይወስድብሃል። ፈርተህ ከሆነ የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ።

ጥያቄ፦ ከካዛንችስ ገላን ጉራ ተዛወርን። ቤቱ ጥሩ ነው፤ እንጀራዬ ግን ቀረ። ለዚህ ካሳ የለም?

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለተቋረጠ ማኅበራዊ ትስስርና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ አስቧል። የሚናገረው ግን በዋናነት ስለ ባለይዞታ ነው። ጉሊት ይዛ ቡና አፍልታ ለምትኖር ተከራይ የጠፋባትን ደንበኛ የሚቆጥርላት የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ትልቁ በደል ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ለጠበቃ ገንዘብ የለኝም።

ዕንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ የሚቀበለው በነፃ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ውሉን፣ ደረሰኙንና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ይዘህ ሂድ።