አማካሪ ሁኑ ብለው ሲጠሯችሁ

አራት ኪሎ ጫማዬን የሚጠርግልኝ ሊስትሮ ከሰላምታ በፊት አንድ ጥያቄ አለው። «ጋሼ፣ ዛሬ ይዘንባል?» ከአየር ትንበያ ሥራዬ ጡረታ ወጥቻለሁ ብለው አይሰማኝም። ባለፈው ሳምንት «ሊዘንብ ይችላል» ስለው ሳቀብኝ። «ይሄንንማ እኔም አውቃለሁ» አለኝ።

ልክ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ከዚህ ሳቅ ጋር ነው።

ከእሱ ዘንድ ተነስቼ ቡና ልጠጣ ስቀመጥ አንድ ወጣት ደወለልኝ። የጓደኛዬ ልጅ ነው፤ የኮምፒውተር ሰው። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የትንበያ ሥራውን የሚያማክር የባለሙያዎች ቡድን ሲያቋቁም እሱንም ጠርቶታል። «ጋሼ፣ እኔ ስለ ደመና ምን አውቃለሁ? ሄጄ ምን እላለሁ?» አለኝ። በስልክ የመለስኩለት ለራሴም አላረካኝም። ስለዚህ ለእሱም፣ ነገ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለሚደርሳችሁም ይህን ጻፍኩ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ወጣት ሳለሁ የአንድ ጣቢያ የዝናብ መዝገብ ተሰጠኝ። ዝናቡ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል። ግራፉ ደግሞ ሲያምር! እኔም የአየር ንብረት ተለውጧል ብዬ ደመደምኩ። አማካሪ ቡድኑ ፊት ቀርቤ እንደ ጉድ ደረደርኩት። ከአባላቱ አንዱ አዛውንት የውሃ መሐንዲስ ነበሩ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ሲያበቃ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ መለኪያው አጠገብ ዛፍ አለ?» አሉኝ።

እኔ የት አውቄ! ጣቢያውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

በሳምንቱ ሄድኩ። መለኪያው ሲተከል በአጥሩ ጥግ ጥቂት የባሕር ዛፍ ችግኞች ነበሩ። ባሕር ዛፍን ታውቁታላችሁ፤ ዞር ብላችሁ ስትመለሱ ጣራውን አልፎ ታገኙታላችሁ። መለኪያው ሥሩ ተወሽቋል። ዛፍ ዝናቡን እንዳይከልልበት፣ ደንቡ መለኪያው ከዛፉ ቁመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይራቅ ይላል። የእኛ መለኪያ ግን ቅጠል ሁሉ ወድቆበት ነበር። ጣቢያውን የሚጠብቁት አባት በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ውሃውን እየለኩ ይጽፋሉ። አንድ ቀን አላጓደሉም፤ ጽሕፈታቸውም ቁልጭ ያለ ነው። «ዝናቡን እንጂ ዛፉን የጠየቀኝ የለም» አሉኝ።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በቢሮ ሆናችሁ ስታዩት ምንም አይደለም። ለአንድ ወረዳ ስታባዙት ግን ወንዝ ይሆናል። ከዚያ የግራፌ ቁልቁለት ምን ያህሉ የሰማዩ፣ ምን ያህሉ የባሕር ዛፉ እንደሆነ መለየት አልቻልንም። የስንት ዓመት መዝገብ ወደ ጎን ተቀመጠ። (ዛፎቹን ለማስቆረጥ ስንት ደብዳቤ እንደተጻጻፍን ባልነግራችሁ ይሻላል።)

እኒያ መሐንዲስ ስለ ደመና ከእኔ የተሻለ አያውቁም ነበር። ግን እኔ ለመጠየቅ ያላሰብኩትን ጠየቁ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ስትኖሩ ዓይናችሁ ይለምዳል። አለቃም አለ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርትም አለ፣ ይሉኝታም አለ። ከውጭ የመጣ ሰው ይሄ ሁሉ የለበትም። በ1975 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል የሳይንስ አማካሪ ኮሚቴ አለው። አባላቱ የሚቀመጡት አገራቸውን ወክለው ሳይሆን በግላቸው ነው። ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ለኮምፒውተሩ ልጅ ደግሞ ይቺን ላውጋው። በ1884 እ.ኤ.አ. ጆን ፊንሌይ የተባለ የአሜሪካ ጦር የአየር ሁኔታ ባለሙያ ቶርኔዶ የሚባለውን ብርቱ አዙሪት ነፋስ ይተነብይ ነበር። ከ2,803 ትንበያዎቹ 96.6 በመቶው ተሳክቷል ተባለ። ጭብጨባ ነው! በዚያው ዓመት ጊልበርት የሚባል ሰው ተነስቶ ቁጥሩን በሌላ ጎኑ አየው። ቶርኔዶ የተነሳው 51 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በየቀኑ «የለም» ብሎ የሚተኛ ሰው 98.2 በመቶ ይሳካለታል። ጊልበርት ሥራው ድንጋይ ነው፤ ጂኦሎጂስት ነበር። እኔም ታኅሣሥን ሙሉ ለአዲስ አበባ «አይዘንብም» እያልኩ ብውል ነቢይ ነው የምባለው። እና ልጄ፣ «ትንበያችን ይህን ያህል በመቶ ትክክል ነው» ሲሉህ «ዝም ብሎ ከሚገምት ሰው በምን ይበልጣል?» በል። ደመና ማወቅ አያስፈልግህም።

ባለሙያ መሰብሰቡ ብቻውን ግን መፍትሔ አይደለም። በእኛ ቀጣና ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወቅት ከመግባቱ በፊት የየአገሩ ባለሙያዎች ተሰብስበው ስለ መጪው ዝናብ ይመክራሉ። አገር ውስጥም በጋ፣ በልግና ክረምት ከመግባታቸው በፊት እንዲሁ ነው። ትንበያው በሦስት ይከፈላል፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ምንም የምታውቁት ነገር ከሌለ ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ትሰጣላችሁ። ችግሩ፣ ሰው ተስማምቶ ሲተነብይ መሃል ሰፋሪ ይሆናል። አንዱ ይደርቃል ይላል፤ ሌላው ይዘንባል ይላል፤ ሻይ ሰዓት ይደርሳል፤ «መደበኛ» ተብሎ ይጻፋል። ማንም አይጣላም፣ ማንም አይጠየቅም። በኋላ ውጤቱ ሲፈተሽ ይህ ወደ መሃል ማድላት በግልጽ ታየ። አሁን አሁን የኮምፒውተር ሞዴሎቹ ቁጥር ይቅደም፣ ውይይቱ ይከተል የሚባለው ለዚህ ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ብዙ ሻይ ጠጥቻለሁ።

ይሄ የወረቀት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኖ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ዝናቡን ከለከለን። በቀጣዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ የሚሻ ሆነ።

አንድ ጊዜ ስለ ክረምቱ ገለጻ ስናደርግ ከግብርና የመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «እሺ፣ መደበኛ ነው። ገበሬዬ ማሽላ ይዝራ ወይስ ጤፍ ይጠብቅ?» አዳራሹ ጸጥ አለ። ረጅም ጊዜ የሚፈጀው ማሽላ ሚያዝያ አካባቢ ይዘራል፤ ጤፍ ግን ሐምሌ ላይ ቢዘራም ይደርሳል። የክረምቱ ድምር መደበኛ ሆኖም ዝናቡ ዘግይቶ ሊገባ ይችላል። ወይም አበባው ላይ 15 ቀን ይቆምና ማሽላው አለቀለት። እኛ ግን ድምሩን ብቻ ይዘን ነበር የቀረብነው። ዝናቡ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ጊዜ፣ መሃል ላይ የሚቆምበትንም ለየብቻ ማስላት የጀመርነው ከዚያ ወዲያ ነው። የሴትየዋ ጥያቄ ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም። «ውይይት ተደርጓል» ይላል።

ስለዚህ የራሳችሁን ማስታወሻ ያዙ። የጠየቃችሁትን ጻፉ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ «ያ ነገር የት ደረሰ?» በሉ። አማካሪ አያዝዝም፤ ያለው ጉልበት መልሶ መጠየቅ ብቻ ነው። አበሉን ፈርሞ የሚሄድ አማካሪ ብዙ አይቻለሁ። መጥፎ ሰዎች አልነበሩም፤ ይሉኝታ ያዛቸው እንጂ። ከመሥሪያ ቤቱ ወገን ከሆናችሁ ደግሞ የተሳካውን ብቻ አሳምራችሁ አታቅርቡ። ያበላሻችሁትን ጠረጴዛው ላይ አውጡት። ለተሳካውማ አማካሪ ምን ያደርግላችኋል?

የጓደኛዬ ልጅ ማክሰኞ ስብሰባ አለው። ከዚያ በፊት አንድ ጣቢያ ሄዶ እንዲያይ ነግሬዋለሁ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ውሃው ሲለካ።