አዝማች የሌለው አልበም

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ጓደኛዬ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት ሂፕ ሆፕ አብረን ስንሠራ ቆይተናል፤ እሱ በአሮጌ ላፕቶፕ ቢት (ራፑ የሚባልበትን ሙዚቃ) ያቀናብራል፣ እኔ ግጥሙን ጽፌ ራፕ አደርጋለሁ። በቅርቡ አሥራ አንድ ሥራዎች ይዘን ወደ አንድ ስቱዲዮ ሄደን ነበር፤ ባለሙያው ሁለቱን ብቻ ሰምቶ «አዝማች የሌለው ዘፈን ማን ይሰማላችኋል?» ብሎ መለሰን። በዚያ ላይ ያልተጠናቀቁት ሥራዎቻችን ከአንድ ልጅ ስልክ ሾልከው በቴሌግራም ተሰራጩ፤ ጓደኛዬም ከዚያን ቀን ወዲህ ላፕቶፑን አልከፈተም። «ማድቪሊን» የሚባሉት ሁለት አሜሪካውያን ያወጡትን አዝማች የሌለው አልበም ሃያሲያን እንዳደነቁት ሰምቻለሁ። ለእነሱ እንዴት ሆነላቸው? እኛስ የወጣብንን እንተወው ወይስ እንቀጥል? ደግሞስ ከአባቴ የቆዩ ካሴቶች ላይ ድምፅ እየቆረጥን ብንጠቀም በሕግ ያስጠይቀናል?
ሁለቱ ጓደኛሞች፣ ከሳቢያን

መልስ፦ ልጆቼ፣ ደብዳቤያችሁን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ከሁሉም ያሳሰበኝ አለመከፈቱን የነገራችሁኝ ላፕቶፕ ነው። ስለዚህ ስለ አልበሙ የማውቀውን የምነግራችሁ ጓደኛህ አጠገብህ ተቀምጦ የሚያነበው መስሎኝ ነው።

«ማድቪሊን» የሁለት ሰዎች የጋራ ስም ነው። ራፐሩ ኤም ኤፍ ዱም፣ በእውነተኛ ስሙ ዳንኤል ዱሚሌ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው) በ1971 ለንደን ተወልዶ ያደገው ኒው ዮርክ አጠገብ ባለችው ሎንግ አይላንድ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም አሜሪካውያን ማለታችሁ ይታረም። አቀናባሪው ማድሊብ፣ በእውነተኛ ስሙ ኦቲስ ጃክሰን ጁኒየር፣ በ1973 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክስናርድ በምትባል ከተማ ተወለደ። «ማድቪሊኒ» የተባለው አልበማቸው ስቶንስ ስሮው በተባለ አነስተኛ አሳታሚ በኩል ለሕዝብ የቀረበው መጋቢት 14 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ በእነሱ አቆጣጠር በ2004 ነው።

ዱም ወደዚህ ሥራ የመጣው ተሰብሮ ከተነሣ በኋላ ነበር። በወጣትነቱ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ኬ ኤም ዲ የሚባል ቡድን ነበረው። በ1993 ሁለተኛው አልበማቸው ሊያልቅ ሲቃረብ ወንድሙ በመኪና ተገጭቶ ሞተ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ የያኔው አሳታሚያቸው በሽፋኑ ሥዕል ምክንያት በተነሣ ውዝግብ የተጠናቀቀውን አልበም አላወጣም ብሎ ውላቸውን አቋረጠ። በአንድ ዓመት ውስጥ ወንድሙንም ሥራውንም ያጣው ይህ ሰው ለጥቂት ዓመታት ከሙዚቃው ዓለም ጠፋ፤ ሲመለስም ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ፣ ስሙን ለውጦ፣ በ1999 ብቻውን የሠራውን አልበም ይዞ ብቅ አለ። ከማድሊብ ጋር የተገናኘው ከዚያ በኋላ ነው።

የሁለቱ አሠራር ለእናንተ እንግዳ አይሆንባችሁም። በሎስ አንጀለስ ኮረብታማ ሰፈር ባለው የስቶንስ ስሮው ቤት ማድሊብ ከድሮ ዘመን በቀረ የቦምብ መጠለያ ውስጥ ቢቱን ሲሠራ፣ ዱም ከላይ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። አንዱ በሌላው ሥራ እየገባ አላስቸገረም፤ ብዙም ሳይነጋገሩ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ያልፍ ነበር። ማድሊብ ኅዳር ወር ላይ በ2002 ወደ ብራዚል ሲሄድ ደግሞ ከገበያ የገዛቸውን ሸክላዎች ይዞ በሳኦ ፓውሎ የሆቴል ክፍሉ ተቀመጠና፣ በአንድ ተንቀሳቃሽ የሸክላ ማጫወቻ፣ በአንድ የካሴት መቅጃና ቦስ ኤስ ፒ 303 በምትባል፣ ከሌላ ሙዚቃ ድምፅ ቆርጣ በምታመላልስ ትንሽ የሳምፕል መሣሪያ ከአልበሙ ቢቶች አብዛኞቹን አቀናበረ። የጓደኛህ አሮጌ ላፕቶፕ ከዚያች መሣሪያ የበለጠ ብዙ መሥራት የሚችል ነው፤ ይህን ለማጽናናት ብዬ አልተናገርኩም።

አሁን ወደ አዝማቹ። በአልበሙ ውስጥ 22 ሥራዎች አሉ፤ ሁሉም ተደምረው የሚፈጁት ግን 46 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አብዛኞቹ አዝማች የላቸውም፤ የሚባለው ነገር ሲያበቃ ዘፈኑም እዚያው ያበቃል። አዝማች በዘፈን ውስጥ ሁለት ሥራ አለው፤ ጆሮን ያሳርፋል፣ ዘፈኑንም በአእምሮ ላይ ይተክላል። በዚህ አልበም ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው ቢቱ ነው። ከቆየ ሸክላ የተቆረጠች የጥቂት ሰከንዶች ዜማ ሳታቋርጥ ስትመላለስ፣ ሰሚው የሚይዘውን ነገር ከመጀመሪያው አግኝቷልና፣ ቃሉ ሳይደጋገም ወደፊት ብቻ መሄድ ይችላል። እንግዲህ የእናንተን ሥራዎች በዚህ መስፈርት መርምሯቸው፤ ግጥሙ የሌለበትን ቢት ለብቻው አሥር ጊዜ ስትሰሙት ካልሰለቻችሁ አዝማች አያስፈልጋችሁም፣ ከሰለቻችሁ ግን የስቱዲዮው ሰው ካለው ውስጥ የምትወስዱት ነገር አለ።

ያደጋችሁበት ከተማ ይህን ለማወቅ ከማንም የተሻለ እንደሆነ ልጨምርላችሁ። ፉከራ አዝማች የለውም፤ ሰሚውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የቃሉ ጉልበትና የተናጋሪው ትንፋሽ ነው። ከሶማሌ ጎረቤቶቻችሁ የምትሰሙት ጋባይ የተባለው ግጥምም አዝማች አያውቅም፤ ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው በእያንዳንዱ መስመር በአንድ ዓይነት ድምፅ የሚጀምር ቃል መኖር አለበት፤ ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር አስሮ የሚይዘው ይህ ሕግ ነው። ከሁለት ሰፈር ወዲያ ሄዳችሁ አንድ የጋባይ አዋቂ ሽማግሌ ለአንድ ከሰዓት ብትሰሙ፣ እኔ በዚህ ገጽ ከምነግራችሁ የበለጠ ትማራላችሁ።

የስቱዲዮውን ሰው ግን አትጥሉት። እሱ የተናገረው ስለ ገበያ ነው። ሃያሲያን ያን ያህል ያወደሱት «ማድቪሊኒ» በአሜሪካ አልበሞችን በደረጃ በሚያሰልፈው የቢልቦርድ 200 ሠንጠረዥ ላይ የደረሰበት ከፍተኛ ደረጃ 179ኛ ነው። ዛሬ ከሃያ ዓመት በኋላ በሂፕ ሆፕ ታሪክ ከተከበሩት አልበሞች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል፤ በወጣበት ሳምንት ግን ከ178 አልበሞች በታች ነበር። እንዲህ ከዋናው ገበያ ውጭ የሚሠራ ሙዚቃ «አንደርግራውንድ» ሲባል ትርጉሙ ይኸው ነው፤ የምትፈልጉትን የሰሚ ቁጥር አስቀድማችሁ ለራሳችሁ ንገሩ።

ስለ መሹለኩ ያነሣችሁት ጉዳይ ከእነሱ ታሪክ ጋር አንድ መሆኑን ሳታውቁት የጠየቃችሁ ይመስለኛል። ማድሊብ ብራዚል ሳለ ያልተጠናቀቀው አልበም ተሰርቆ፣ በይፋ ከመውጣቱ 14 ወር ቀደም ብሎ በኢንተርኔት ተሰራጨ። ሁለቱም አዘኑ፤ ሥራውን ትተው በ2003 ዓመቱን ሙሉ ሌላ ሌላ አልበም ሲሠሩ ቆዩ። በኋላ ሲመለሱ ዱም ድምፁን እንደገና ቀዳ፤ በፊት ፈጥኖና ሞቅ ብሎ የተናገረውን አሁን ዝቅ ባለ፣ በረጋ ድምፅ ተናገረው። የሾለከውን የሚመርጡ አድማጮች ዛሬም አሉ፤ እኔ ግን ሁለቱን አቀራርቤ ሰምቼ የረጋው እንደሚበልጥ አልጠራጠርም፤ ምክንያቱም ሰውየው ቃሉን ለማስደነቅ መቸኮሉን ትቶ ሰሚው ራሱ እንዲቀርብ አድርጓል። አልበሙን የምናውቀው በዚያ ድምፅ ነው፤ ሌቦቹ ባይኖሩ ኖሮ ያ ድምፅ ላይኖር ይችል ነበር።

ስለዚህ የወጣባችሁን ሥራ አትተዉት፤ እንደ ነበረም አታውጡት። አንድ ወር አስቀምጡት፣ ከዚያ የማያውቃችሁ ሰው እንደሠራው አድርጋችሁ ስሙት፣ ድምፁንም ከመጀመሪያ ጀምራችሁ ቅዱ። ከእንግዲህ ያላለቀ ሥራ ለሰው የምትልኩ ከሆነ ለእያንዳንዱ ተቀባይ ፋይሉን በተለያየ ስም ላኩ፤ ዋናው የሥራ ፋይል ደግሞ ከላፕቶፑ ውጭ በሌላ ቦታም ይቀመጥ።

ወደ ካሴቶቹ እንምጣ። የማድሊብ ታናሽ ወንድም ኦ ኖ የተባለው አቀናባሪ በ2009 ከኢትዮጵያ የድሮ ሙዚቃዎች እየቆረጠ ሙሉ አልበም ሠርቷል፤ የእኛ ሸክላዎችና ካሴቶች ለዚህ ሥራ ምን ያህል የበለጸጉ እንደሆኑ ከዚህ ተረዱ። ነገር ግን «ማድቪሊኒ» በወጣበት በዚያው በ1996 ዓ.ም. በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት የሥራ አመንጪው መብት በሕይወት እስካለ ድረስ የራሱ፣ ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው፤ ድምፁን ቀድቶ ያሳተመውም የራሱ የተለየ መብት አለው። ከድሬዳዋ የወጣው አሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አርፏል፤ እንግዲህ እሱ በደረሰው ዜማ ላይ ያለው መብት እስከ 2065 ዓ.ም. የወራሾቹ ነው ማለት ነው። አንዲት አጭር ድምፅ ቆርጦ ለማውጣትም ቢሆን ፈቃድ ጠይቁ፤ ፈቃዱም በጽሑፍ ይሁን። በቤታችሁ ለመለማመድ ቁረጡ፣ ቀጥሉ፣ ተማሩበት፤ ፈቃድ ያላገኛችሁለትን ግን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ክራር ወይም ኡድ ተጫዋች ጠርታችሁ የራሳችሁን አዲስ ዜማ አስቀዱና በእሱ ተኩት። ያኔ የሚቆረጠው ድምፅ የእናንተ ነው።

ካሴቶቹን ስታጫውቱ የማጫወቻውን ሄድ አስቀድማችሁ በጥጥና በአልኮል ጥረጉ፤ በድሬዳዋ ሙቀት መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ካሴት ይበላሻልና ከፀሐይ አርቁት። ክሩ ሲያረጅ የሚያሰማውን «ሽሽ» የሚል ድምፅ ግን ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት አትድከሙ፤ ማድሊብ የሸክላዎቹን ድምፅ እንዳለ የተወው አውቆ ነው።

ጥያቄ፦ ዱም ጭምብል ያደርግ የነበረው ለምንድን ነው? መልኩን ለመደበቅ የሚያበቃ ምክንያት ነበረው?
አንባቢ፣ ከከዚራ

መልስ፦ ጭምብሉ ዶክተር ዱም ከሚባለው የሥዕል መጽሔት ባለጋራ ገጸ ባሕርይ የተወሰደ ነው። ወደ መድረክ መመለስ የጀመረ ሰሞን ፊቱን በስቶኪንግ ይሸፍን ነበር፤ የብረቱ ጭምብል የመጣው ቆይቶ ነው። እሱ ራሱ የሰጠው ምክንያት ሰው መልኩን ትቶ የሚናገረውን እንዲሰማ መፈለጉ ነው፤ ከወንድሙ ሞት በኋላ የመጣ መሆኑን ሳስብ ግን ለእኔ ከዚያም የጠለቀ ሐዘን ይታየኛል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ጥቅምት (ኦክቶበር) መጨረሻ ላይ ሲሞት ቤተሰቡ ለዓለም የነገረው ከሁለት ወር በኋላ፣ በዚያው አቆጣጠር በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነበር።

ጥያቄ፦ ሐረር የአማርኛ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ስለ እነዚህ ሰዎች ያወራሉ፤ ራፕም ይሞክራሉ። የሚጽፉት ግን በሙሉ «ሄድኩ፣ መጣሁ፣ አየሁ» እያለ ቤት የሚመታ ነው። ከዱም አገጣጠም ለአማርኛ የሚሆን ነገር ይገኝ ይሆን?
መምህርት፣ ከጀጎል

መልስ፦ እመቤቴ፣ የተማሪዎችዎ ችግር ከቋንቋችን አወቃቀር የሚመነጭ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግሥ ስለሚያልቅ፣ ቅጥያው ብቻውን ያለ ድካም ቤት ይመታል፤ ቤት መምታት ሳይለፉ የሚገኝ ሲሆን ደግሞ ጆሮ አይደነቅም። ዱም በእንግሊዝኛ የሚያደርገው ነገር ቤቱን በስንኙ መጨረሻ ፊደል ላይ ብቻ ሳይወስን፣ ሦስትና አራት ተከታታይ ድምፆችን ከስንኝ ወደ ስንኝ ማዛመድ ነው። አልፎ አልፎም ሰሚው የጠበቀውን ቃል ሆን ብሎ ይተውና ሌላ ያስገባል፤ ቃላትን ለሁለት ትርጉም ሲጠቀም ደግሞ የእኛን ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው ሩቅ አይሆንም።

በአማርኛ እንዴት እንደሚሆን ለማሳየት ከሁለቱ ከተሞቻችን ይህችን ሁለት ስንኝ ሠርቻለሁ፦

እግሬን የደቻቱ አሸዋ ሲቀብር፣
ልቤ ግን ማደሪያው ሐረር፣ ሸዋ በር።

ቤቱን የሚመታው «ር» ብቻ አይደለም፤ «አሸዋ ሲቀብር» እና «ሸዋ በር» በ«ሸዋ» ይገናኛሉ፣ ከዚያ «ብር» እና «በር» ይከተላሉ። ሁለተኛው ስንኝ በግሥ አለማለቁንም ልብ ይበሉ፤ «ሸዋ በር አደረ» ብዬ ብጨርሰው ኖሮ ዝምድናው ሁሉ ይፈርስ ነበር። ለተማሪዎችዎ ለአንድ ሳምንት ያህል ስንኝን በግሥ መጨረስ ቢከለክሏቸውና የጀጎልን አምስት በሮች ስም እየወሰዱ፣ ቢያንስ ሁለት ድምፅ የሚገጥም ቃል ለእያንዳንዱ እንዲፈልጉ ቢያዟቸው ጥሩ ነው። በአደርኛና በኦሮምኛ ስሞቹ የሚጠሩትም እንዲካተቱ እለምናለሁ፤ ልጆቹ በየቤታቸው የሚሰሟቸው ድምፆች ናቸውና። ያገኙትን ቢልኩልኝ በዚህ ዓምድ አወጣዋለሁ።