ከደብረ ማርቆስ፣ ነገ ሐዲድ ለምትጠብቁ ልጆች

ልጆቼ፣

ጎጃም ሐዲድ የላትም። ባቡር ገና አባይን አልተሻገረም። እኔ ግን ደብረ ማርቆስ ተመልሼ የገባሁት የሥራ ዘመኔን በባቡር ደህንነት ጨርሼ ነው። ከእናንተም መካከል እዚህ ተመርቃችሁ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር ወይም ጅቡቲ መስመር ላይ የምትቀጠሩ ትኖራላችሁ። ያኔ ካሜራ በየቦታው ታገኛላችሁ። ስለ እሱ ላውጋችሁ።

ካሜራ ጠላት ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ቻትስዎርዝ ላይ፣ አንድ ባቡር ነጂ በስልኩ መልእክት ሲጻጻፍ ቀይ መብራት ጥሶ ከዕቃ ባቡር ጋር ተጋጨ። 25 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ነጂዎቹ ክፍል ውስጥ ካሜራ ተተከለ። የሠራተኛ ማኅበሩም ከሰሰ። እኔ ብሆን ካሜራውን አልነቅለውም። ግን ቀረጻውን ማን ያየዋል? አይቶስ ምን ያደርጋል? ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ጃፓንን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2005 አማጋሳኪ ላይ የ23 ዓመት ወጣት የሚነዳው ባቡር 70 በሚፈቅድ ኩርባ በሰዓት 116 ኪሎ ሜትር ገብቶ ከሕንፃ ጋር ተላተመ። ነጂውን ጨምሮ 107 ሰው አለቀ። ልጁ ለምን ቸኮለ? ቀደም ሲል አንድ ጣቢያ ላይ መቆሚያውን አልፎ ስለነበር አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ዘግይቷል። በዚያ ኩባንያ ደግሞ ጥፋት የተገኘበት ሠራተኛ "ሥልጠና" ይገባ ነበር። ሥልጠና ይበሉት እንጂ ውርደት ነበር፤ ሲሰደቡ መዋል፣ የጸጸት ጽሑፍ መጻፍ፣ ሣር መንቀል። ልጁ ቀምሶታል። መርማሪዎቹ እንዳሉት፣ ኩርባው ላይ ሲደርስ ልቡ ያለው ረዳቱ ስለ ጥፋቱ በሬዲዮ በሚያወራው ላይ ሳይሆን አይቀርም። ተቆጣጣሪ አልጠፋም እኮ። የበዛው ፍርሃት ነው።

አለቃ ሲያፈጥ ሠራተኛ ትንሿን ጥፋት ይደብቃል። ትንሿ ከተደበቀች ትልቁን አደጋ ቀድሞ የሚነግራችሁ የለም።

አያቶቻችን ይህችን ነገር ያውቁባት ነበር። በአውጫጭኝ የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይመለስም። ያየ ሰው ግን አደባባይ ወጥቶ አይናገርም፤ በ"ወፍ"፣ ማለትም በምስጢር ጠቋሚ፣ በኩል ይጠቁማል፣ ስሙ ይሸሸጋል። (ወፏን ለቂም የተጠቀመባትም አይጠፋም፤ አጉል አላወድሳትም።) ስኮትላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 በስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የባቡር ሠራተኞች የምስጢር ጥቆማም ስም ይደብቃል። እዚያ የሚፈለገው ግን ችግሩ ነው፤ የላላው ብሎን፣ የማይታየው መብራት፣ እንቅልፍ የማያስተኛው ፈረቃ። ወንጀለኛ አይታደንም። እንዲህ ያለ መንገድ የሌለበት መሥሪያ ቤት ከገባችሁ፣ እንዲጀመር ወትውቱ።

ጸጥታውም ቢሆን በካሜራ ብቻ አይሆንም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2005 ለንደን ባቡሮችና አውቶቡስ ላይ ፈንጂ አፈንድተው 52 ሰው የገደሉትን ሰዎች የጣቢያ ካሜራ ቀርጿቸው ነበር። ማን እንደሆኑ ለማወቅ ረዳ፤ አላስቆማቸውም። የጅቡቲው መስመር ደግሞ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ብዙውም በአርብቶ አደር አገር ያልፋል። ብሎን የሚፈታውን ቀድሞ የሚያየው ግመል ጠባቂው ልጅ ነው። ግመሉ ተገጭቶበት ዞር ብሎ ያናገረው ሰው ከሌለ ግን ለምን ይናገራል? እኔ ብጠየቅ ከአሥር ካሜራ በፊት የእሱን አቤቱታ የሚሰማ አንድ ሰው እቀጥራለሁ።

ሶሲዮሎጂ የምታጠኑ ደግሞ የመመረቂያ ርዕስ አጣን አትበሉ። መናኸሪያም ይሁን ባንክ፣ ስክሪን ፊት ከሚቀመጠው ጥበቃ ጋር አንድ ሌሊት እደሩ። ማንን እያሳነሰ፣ ማንን እያጎላ እንደሚያይ ጠይቁት፤ ጋቢ የለበሰውን ነው ወይስ ሱፍ የለበሰውን? ከመሄዳችሁ በፊት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አንብቡ። አለቃው ስለ አዋጁ ሰምቶ እንደሆነም ጠይቁልኝ።